ሰይፉን ስለመታሁበት አራት ደቂቃ

የምስክሩ መጠሪያ፦ «ጆሮ» (ሙሉ ስም በመዝገቡ ሽፋን ላይ ሰፍሯል)
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ የድምፅ ባለሙያ
አድራሻ፦ ከስቱዲዮው ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ኅዳር 12፣ ከቀኑ 9፡30

እኔ ከላይ የተጠቀስኩት ምስክር፣ ለልጆች በሚተላለፍ ተከታታይ የአኒሜሽን ፊልም ላይ ድምፅ በመቅረጽ ለአሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ። የጀግናዋን ድምፅ የምትጫወተው ተዋናይት፣ ሁላችንም ባለሰይፏ የምንላት፣ የምትሠራው በሩ በተዘጋ ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እኔ ከውጭ ሆኜ በማዳመጫ እሰማታለሁ። በመሀላችን መስታወት ነበር፤ ባለፈው ወር ስለተሰነጠቀ አለቃችን በኮምፔንሳቶ ከደነው። የበሩ እጀታ ከውስጥ እንደላላ ሁለት ጊዜ ነግሬዋለሁ። «እስኪ ይህን ወር እንለፍ» ብሎኛል።

ጀግናዋ ስትጠራው ግንብ በስቶ የሚመጣላት ሰይፍ አላት። የሰይፉን ድምፅ የማወጣው እኔ ነኝ፤ ከጋራዥ ያመጣሁትን የመኪና ባሌስትራ በገመድ አንጠልጥዬ በሞረድ እመታዋለሁ።

ዛሬ ከጠዋቱ 4፡20 ላይ ጀግናዋ ዋሻ ውስጥ ተቆልፋ ሰይፏን የምትጠራበትን ቦታ ጀመርን። ባለሰይፏ ከጽሑፉ እየወጣች የራሷን መጨመር ታዘወትራለች፤ ብዙ ጊዜም ከተጻፈው ይሻላል። ጥሪዋን ስትጨርስ ሰይፉን መታሁላት። ቀጥላ «በሩ እምቢ አለ፣ አየር አጠረኝ» አለች። የራሷ ጭማሪ መስሎኝ ደግሜ መታሁ። በሩን ስትደበድብም መታሁ። አስም እንዳለባት አውቃለሁ። መድኃኒቷ ያለበት ቦርሳ ወንበሬ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ስሜን ስትጠራ ወዲያውኑ ተነሣሁ። የውጭው እጀታ ባዶውን ስለዞረ ባሌስትራውን ከገመዱ በጥሼ በሩን ፈለቀቅሁት። ከንፈሯ ጠቁሮ፣ የተነቀለውን እጀታ እንደጨበጠች ወለሉ ላይ አገኘኋት።

እስካሁን ያለው ከተጻፈ በኋላ መርማሪው የጠዋቱን ቀረጻ ከፍቶ አብረን ሰማን። ስለዚህ ቃሌን አርማለሁ። ወዲያውኑ አልተነሣሁም። ስሜን የጠራችው ሦስት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው «ጆሮ፣ በእናትህ፣ ጨዋታ አይደለም» ትላለች። ቀጥሎ የሚሰማው የእኔ ድምፅ ነው፦ «አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬስ አስለቀስሽኝ! ስሜን በኋላ ቆርጬ አወጣዋለሁ፣ ቀጥዪ።» ከዚያ ሰይፉ ይሰማል። በሦስተኛው «ጆ» ብላ ታቆማለች። ማዳመጫዬን ያወለቅሁት ከዚያ በኋላ ክፍሉ ዝም ሲል ነው። ስሜን መጀመሪያ ከጠራችበት እስከ በሩ መከፈት አራት ደቂቃ ከአሥር ሰከንድ ነው። በዚህ መሀል ሰይፉ ዘጠኝ ጊዜ ተመትቷል።

ለምን እንደዋሸሁ ተጠይቄ፦ አለቃዬ ኮሪደሩ ላይ ይዞኝ «ወንድሜ፣ ወዲያው ደረስኩ በል፣ ሌላውን ለእኔ ተወው» አለኝ። ቀረጻውንም እንዳጠፋ አዘዘኝ። አላጠፋሁትም። ነገር ግን አለ ብዬም አልተናገርኩም፤ ያገኘው መርማሪው ራሱ ነው። ባለሰይፏ ሆስፒታል ውስጥ በኦክስጅን ላይ ናት፤ እስካሁን አልነቃችም።

ይህ ቃል ከመነሻው ተነብቦልኝ ሰምቼዋለሁ፤ እውነት ነው። «ወዲያውኑ» የሚለው ሳይፋቅ ከነእርማቱ እንዲቀመጥ፣ ስሜም ከቀረጻው ላይ እንዳይቆረጥ ጠይቄ ፈርሜአለሁ።

የምስክሩ ፊርማ ____________
የመርማሪው ፊርማ ____________