ከአምባው ላይ ሲታይ

ከሞጣ ወደ ቢቸና በሚሄደው አውቶቡስ፣ ደብረ ወርቅ ላይ የተሳፈሩ ሽማግሌ ከፊቴ ከአንድ ወጣት አስተማሪ አጠገብ ተቀመጡ።

«ፊትዎ ጠቁሯል፣ አባቴ። አመመዎት?» አላቸው አስተማሪው።

«ፍርድ ቤት ቀጠሮ አለብኝ። በርስት ተካሰን ይኸው ስንት ክረምት አለፈ።»

«ከማን ጋር?»

«ከታናሽ ወንድሜ ጋር።»

«እኔ ሲጨንቀኝ ምን እንደማደርግ ልንገርዎት? ከፍ ያለ ቦታ ወጥቼ ቁልቁል አያለሁ። ከላይ ሲያዩት ሁሉም ነገር ያንሳል፤ ልብም ይቀላል።»

«እኔም ሞክሬዋለሁ፣ ልጄ። ባለፈው ሰኔ ከመሬታችን በላይ ያለው አምባ ላይ ወጥቼ አየሁት።»

«ታዲያ መሬቱ አላነሰብዎትም?»

«አነሰ እንጂ! መዳፍ አከለ። በዚህች ነው እንዴ የምንጫረሰው አልሁ።»

«አላልሁዎትም?»

«ወንድሜ መሀሉ ላይ ያርሳል። እሱም አንሶ አንሶ፣ እናታችን ስትሞት አዝዬ ያሳደግሁትን ሕፃን አከለ። እንባዬ መጣ።»

«ታዲያ ለምን አልታረቃችሁም?»

«ልታረቀው ወረድሁ። እየቀረብሁት ስሄድ እሱም እያደገ፣ እያደገ መጣ። አጠገቡ ስደርስ ጅራፉን ጥሎ ጠመንጃውን አነሳ።»

አውቶቡሱ ዳገቱን ጨርሶ ማሳዎቹ ከታች መታየት ሲጀምሩ፣ ፊቴን ከመስኮቱ መለስሁ።