ጣሪያችንና የሰብሳቢያችን ሶፋ

አለበል ወንድሜ፣ እንደምን ከረምህ? እኛ ደኅና ነን፤ ጣናም ሞልቷል። ታች ቤት ያሉት ወይዘሮ ሐሊማ ሰላም ብለውሃል። ይህን ጨዋታ መጀመሪያ ያጫወቱኝም እሳቸው ናቸው፤ እኔ ነገሩ በሆነበት ሰሞን ለጉልበቴ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወርጄ ነበር።

የቤት ማኅበራችንን ሰብሳቢ ታውቃቸው የለ? ስማቸውን ምን አስጠራኝ... ደግ ሰው በሥራው ይታወቃል። ከአብዮቱ ወዲህ «የጋራ» የሚለውን ቃል እንደ እሳቸው አሳምሮ የሚናገር አልሰማሁም። አምና በስብሰባ ላይ፣ ከላይኛው ፎቅ የምትኖረው የሺአረግ፣ ያች ባሏ የሞተባት የፋብሪካ ሠራተኛ፣ «ለጋራው ጣሪያና ለደረጃው መድን እንግባ» አለች። እሳቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «ዕድር እያለን መድን? ይህ በወገን ተስፋ መቁረጥ ነው!» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል... ነፋስ ያስር እንደሆን ግን አልተማርንም። ግንቦት ላይ ከሐይቁ የተነሣው ነፋስ ቆርቆሮውን ገልብጦ ወሰደው። ወዲያው የመድን ሰው መጣ። ለማን? ዝናብ ለገባበት የሰብሳቢያችን ሶፋና ቁምሳጥን! ለካ ለገዛ ዕቃቸው በድብቅ... ይቅርታ፣ ቃሉን ላርም... በትሕትና መድን ገብተው ኖሯል። ቀኝህ የምትሠራውን ግራህ አትወቅ አይደል የተባለው?

ወይዘሮ ሐሊማ አያስቀሩም፤ «ጋሼ፣ ሶፋዎ በወገን ተስፋ ቆርጦ ኖሯል?» ቢሏቸው፣ ሳቅ ብለው «የጋራው ጣሪያ ለጋራው ዕድር ነው» አሉ። ከዚያም መድኑ የተካላቸውን አዲስ ሶፋ አስጭነው ሰባታሚት ያለው ወንድማቸው ዘንድ ሸሹ... አይ፣ ሸሹ አይባልም፤ ተዛወሩ። እርጥበት ለሶፋ አይስማማውማ!

ዕድሩም ቃላቸውን አከበረ። የልቅሶውን ድንኳን ወስዶ ለየሺአረግ ከክፍሏ በላይ ወጠረላት። ልጆቿን ይዛ ወዴት ትሂድ? መንገደኛው ድንኳኑን እያየ «እግዜር ያጥናሽ» ይላታል፤ እሷም ማስረዳቱ ታክቷት «አሜን» ትላለች። ትንሿ ልጇ ሳል ይዟታል። አዲስ ቆርቆሮ ከመስከረም በፊት አይገኝም ተብለናል።

ይህን የጻፍሁልህ ዛሬ በሐምሌ ሥላሴ ዕለት ነው፤ ዝናቡ ገና አላባራም። እስኪ አብረኸኝ አሜን በል... እግዚአብሔር ለሰብሳቢያችን ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጣቸው፤ ክረምቱ ሳይወጣ ክፉ አይንካቸው፤ ያለን ድንኳን አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም ለማንም ብለን ከነዚያ ልጆች ላይ አናነሣውም።