ሳትነሳ የሄደችው ጂፕ

አባቴ በውትድርና ዘመናቸው ይነዱት የነበረውን ዓይነት አሮጌ የጦር ጂፕ አግኝቼ፣ ቦንጋ ግቢያችን ውስጥ ዋንዛው ሥር አቁሜ እጠግን ነበር። ሐሳቤ ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ እስከ ሺሺንዳ ላንሸራሽራቸው ነው። ክረምቱን ካርቡራተር ስጠብቅ ከርሜ፣ ዕቃው በመጣ ማግስት በማለዳ ወጣሁ። ግቢውን ጉም ውጦታል። ጠጋ ስል ጂፗ ቁልፍ ሳልነካ ታጉረመርማለች። ኮፈኑን ገርበብ ባደርግ ሞተሩ ላይ ንብ ሰፍሮበታል። እኛ ጋ ደግሞ በራሱ የመጣ ንብ አይባረርም። ኮፈኑን ቀስ ብዬ መለስኩት።

አባቴ በዱላቸው እየዳበሱ መጡ። «ተነሳችልህ?» አሉኝ። መልሴን ሳይጠብቁ በሩን ከፍተው ገቡና «በል ንዳ» አሉ። መሪውን ያዝኩ። «ማርሽ ቀንስ፣ ዳገቱ ያንሸራትታል።» ቀነስኩ። ጉሙ በመስታወቱ ላይ ሲያልፍ፣ ዛፎቹ ወደ ኋላ የሚቀሩ መሰለኝ። ብዙ ከሄድን በኋላ አላስችል አለኝ።

«አባዬ፣ ንብ እኮ ነው።»

«ሽታው ገና በር ላይ ነግሮኛል» አሉ ፊት ለፊት እያዩ። «አንተ መሪህን ያዝ፤ ሺሺንዳ አልደረስንም።»