ሦስተኛው ሽማግሌ

— ሄሎ… ማን ልበል?… አንለይ! አወቅሁህ፣ ድምፅህ ተቆራረጠብኝ እንጂ… ከደምበጫ ነው?… ደህና ነን። ሥራነሽም ደህና ናት፣ አጠገቤ ናት።

— ስንቴ?… ስድስት ጊዜ? አይ፣ ኔትወርኩ ነው እኮ። አምበር ላይ ኔትወርክ… — እሺ ሥራነሽ፣ እሺ! መጀመሪያ ሰላም ልበለው! —… ምንም፣ እውነቱን ንገረው እያለችኝ ነው። ኔትወርኩ አልነበረም። ስልኩ ሲጠራ እያየሁት ነበር።

— አይ፣ አልከለከሉህም! አትደንግጥ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ልጄን አልሰጥም አላሉም። ልጅቷ ትንቢትም ፈቅዳለች፣ በአፋቸው ነው የነገሩን።… ኧረ ቆይ… እልል አትበል እባክህ። ሄሎ? ትሰማኛለህ? ገና አልጨረስኩም።

— ሌላ ቀጠሮ ሰጡ። ለሚመጣው እሑድ።… ለምንማ… በእኔ ምክንያት ነው።… አዎ፣ በእኔ በወንድምህ። የኔታ ወልደ ሩፋኤል «እኔ አልነግረውም፤ አበረ፣ አንተው በአፍህ ንገረው፣ ዛሬውኑ» ብለውኝ ነው የተለያየነው።

— ጠዋት ከማርቆስ ሦስታችን ወጣን፤ የኔታ፣ አቶ ገዳሙና እኔ። አምበር አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረስን። ቀጠሮው ስድስት ሰዓት፣ የቄሱ ቤት በእግር ግማሽ ሰዓት ቢሆን ነው። ታዲያ ከመኪናው እንደወረድን፣ ከመውረጃው ጀርባ ሜዳ አለ።… አዎ፣ ሜዳ።… ኳስ ሜዳ ነዋ አንለይ፣ ምን ሜዳ ይሆናል!

— ስደበኝ፣ መብትህ ነው።

— አምበርን ስንቴ አልፌዋለሁ መሰለህ፣ አንድ ቀን ግጥሚያ አግኝቼበት አላውቅም። ዛሬ የአምበር ልጆች ከሉማሜ ልጆች ጋር። ቋሚው ባሕር ዛፍ፣ አግዳሚው ገመድ፣ መስመሩ አመድ። በአንድ በኩል ያዘቀዝቃል፤ ኳሷ ከወረደች የሚያመጣት ሰው ቡራኬ ተቀብሎ ነው የሚሄደው። ደግሞ ከሰንበቴ የሚመለሰው ሕዝብ መሀል ለመሀል ያቋርጣል። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ ያሳልፋቸዋል፣ ተጫዋቾቹ ቆመው እጅ ይነሳሉ፣ ሰው ሁሉ… እሺ። እሺ፣ ወደ ነገሩ።

— ሆዴን ቆረጠኝ አልኳቸው። «እናንተ ቅደሙ፣ ቀስ እያልኩ እደርሳለሁ።» የኔታ በጠርሙስ የያዙትን ጸበል አውጥተው ሰጡኝ።… ጠጣሁት። ምን ላድርግ፣ ቆመው እያዩኝ!

— እስከ እረፍት ብቻ ነበር ያሰብኩት፣ እመነኝ። ግን ጎል አልገባም።… ጎሉ ምን አገባህ አልክ? ታውቃለህ፣ ጨዋታ ያየሁበትን ሜዳ ሁሉ በደብተር እመዘግባለሁ፤ ጎል ሲገባ ያላየሁበትን ግን አልጽፍም። ራሴ ነኝ ሕጉን ያወጣሁት። እስካሁን ሠላሳ ስምንት ሜዳ ጽፌያለሁ። ለአንዲት ጎል ብዬ ደብረ ኤልያስ ሁለቴ ተመላልሻለሁ።… ደምበጫ? ደምበጫማ ተጽፏል።… አምና፣ ታመህ ልጠይቅህ የመጣሁ ዕለት።… አይ፣ መጀመሪያ ሜዳውን፣ ከዚያ አንተን። ምን ልደብቅህ። ዛሬ እንደሆን ተይዣለሁ።

— አልገባም። አንድም! አሁን ይገባል፣ አሁን ይገባል ስል ባዶ ለባዶ አለቀ። ሰዓቴን ሳይ ሰባት ሊሆን ነው።

— እነሱማ ቆመዋል። ቄሱ «ግቡ፣ ተቀመጡ» ሲሏቸው «ሦስተኛችን ሆዱን አሞት ኋላ ቀርቷል፣ እሱ ሳይደርስ አንቀመጥም» አሏቸው። ለእኔ ክብር ብለው። የኔታ በሰማኒያ ዓመታቸው ደጅ ላይ፣ ፀሐይ ላይ፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው።… ከአንድ ሰዓት በላይ።… አውቃለሁ። እኔም እሱ ነው ያንገበገበኝ።

— ቆይ፣ የባሰው ገና ነው። ትንቢት፣ አለበል የሚባል አጎት አላት?… ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት?… አዎ፣ እሱ። ሜዳው ላይ ከጎኔ ተቀምጦ የሽምብራ ቆሎ ሲያቀምሰኝ ነበር። ምን እግር ጣለህ ሲለኝ ሁሉን ነገርኩት። ሽማግሌ ሆኜ መጥቼ፣ ሆዴን አመመኝ ብዬ ጓደኞቼን ሸወድኳቸው ብዬ… እየሳቅሁ። እሱም ሳቀ። የማን ቤት እንደምሄድ እሱም አልጠየቀኝ፣ እኔም አልነገርኩት። ጨዋታው ሳያልቅ «እቤት እንግዳ አለብን» ብሎ ተነሳ።… አዎ። ደርሶ ሁለት ሽማግሌ ቆመው ሲያይ፣ ሆድ የሚለውን ሲሰማ፣ ገባው። ተናገረ።

— እኔ ደግሞ ሆዴን ይዤ ደረስኩ።… በሁለት እጄ፣ ጎንበስ ብዬ። — አትሳቂ ሥራነሽ! —… እዚያስ አንድ ሰው አልሳቀም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር። ቄሱ እንኳን በደህና መጣህ አሉኝና «ስንት ለስንት ወጡ?» ብለው ጠየቁኝ።… «ባዶ ለባዶ» አልኳቸው። ምን ልበል!

— የኔታ? አንገታቸውን ደፉ። ስንመለስ መኪናው ውስጥ ከአቶ ገዳሙ ጎን ተቀመጡ፤ ያችን «አንተው ንገረው» ያሉኝ ስንለያይ ነው። አፈርኩ፣ አንለይ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

— ቄሱ ያሉትን ልንገርህ፣ ቃል በቃል። «ልጁን አልጠላሁትም፤ ልጄም ፈቅዳለች። ግን ለገዛ ወንድሙ አንድ ቀን መቆም ያቃተው ሰው፣ ነገ ባልና ሚስት ቢጣሉ ና ብዬ ብጠራው ይመጣልኛል? ሌላ ዋስ ይምጣ። በሚመጣው እሑድ በዚህ ሰው ቦታ ሌላ ሰው ተተክቶ ከመጣ፣ ልጄን እሰጣለሁ።»



— አንለይ፣ አባታችን ካረፈ ወዲህ አሳድጌሃለሁ። አስተምሬሃለሁ። ይኼን አሁን የማነሳው እንድታዝንልኝ አይደለም… እሺ፣ እንድታዝንልኝ ነው። ብቻ እኔ ምን አሰብኩ፣ ነገ ጠዋት እሄዳለሁ፣ ድንጋይ ተሸክሜ የቄሱ ደጅ ላይ እወድቃለሁ። የኔታንም እግራቸው ላይ ወድቄ አስታርቁኝ እላለሁ። የሃይማኖት ሰው ናቸው፣ ይምሩኛል። ያኔ እሑድ እኔው ራሴ…

— እ?… ማን?… ጸጋው? የትኛው ጸጋው?… የመሥሪያ ቤታችሁ ኃላፊ?… እንዴ፣ ሰውዬውን ካወቅሃቸው ዓመት አልሞላህም እኮ! አባታችንን አያውቁ፣ አገራችንን አያውቁ…

— አይ… ልክ ነህ። እኔ አውቃለሁ፣ ምን ፈየድኩልህ።… ቃላቸውን የሚጠብቁ ሰው ከሆኑ ጥሩ ነው።… አይ፣ አልተቀየምኩም። ወዲያው ስማቸውን ስትጠራ ጊዜ… ትንሽ የምታስብ መስሎኝ ነበር። ግድ የለም። ጥሩ ሰው መርጠሃል።

— ለየኔታና ለአቶ ገዳሙ እኔ እነግራቸዋለሁ።… አንተው ትነግራቸዋለህ? እሺ።… እሺ፣ እንዳልክ።

— እሑድ? እኔማ እሑድ ሥራ የለኝም፣ ቤት ነኝ።… ኧረ የምን ሜዳ! የትም አልሄድም። ስልኩን ይዤ እዚችው ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ፤ እሺ እንዳሉህ ብቻ ደውልልኝ።… ትደውልልኛለህ አይደል?… አንለይ?… ሄሎ?… ሄሎ?

— ዘጋው፣ ሥራነሽ።… አይ፣ ካርድ አልቆበት አይደለም።