በአባቴ ስም የመጣው ጫማ

የልጄ ሰርግ ሦስት ቀን ሲቀረው ከቻይና ያዘዝንላት ጫማ የውሃ ሽታ ሆነ። ዕቃ መረከቢያው ሁለቴ ሄጄ «በስምሽ የመጣ የለም» ተባልኩ። ለካዛንቺስ ጎረቤት ሁሉ ከውጭ የምታዝዘው ጦይባ ግን ላፕቶፗን ከፍታ ኤክሴሏ ላይ የእኔን መስመር አሳየችኝ፤ አረንጓዴ ሆኗል።

«ዕቃው አዲስ አበባ ሲገባ መስመሩ ራሱ ቀለም ይቀይራል። ሰኞ ገብቷል» አለችኝ።

«ታዲያ ሙሽራዋ አረንጓዴውን ትጫማው?»

ሳቀችና «የአባት ስም» የሚለው ዓምድ ላይ ጣቷን አሳረፈች። «አንቺ ነገረኛ፣ መረከቢያው ላይ ዕቃ የሚመዘግቡት በአባት ስም ነው። ‹ተሰማ› ብለሽ ጠይቂ።»

ሄጄ «ተሰማ» ስል ጫማው ወጣ። ካርቶኑ ላይ የአባቴን ስም ደግሜ አነበብኩት። አባቴ ከቂርቆስ ርቆ ሳይሄድ ነው ያረፈው፤ ስሙ ግን ቻይና ደርሶ ለልጅ ልጁ የሰርግ ጫማ ይዞ መጣ።