ሉብናን ማን ጠየቃት?

ሐጂ ሙናዊር መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ስማቸው የታወቀ ነጋዴ ናቸው። አንድ ዛላ በርበሬ ሰበር አድርገው አሽትተው የየት አገር እንደሆነ ሲናገሩ የሚከራከራቸው የለም። እንዲህ ያለ አፍንጫ ያላቸው ሰው በገዛ ቤታቸው ያለውን ነገር አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሳያውቁት ኖሩ ቢባል ማን ያምናል? ነገሩ ግን እውነት ነው።

በ1998 ዓ.ም. በግንቦት ወር፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሐጂ መሳለሚያ ቆመው የአይሱዙ ሾፌር ይጠብቁ ነበር። ሾፌሩ ዘገየባቸው። ወዲያ ወዲህ ሲሉ አንዲት ወጣት ጠጋ ብላ ጎንበስ አለችላቸው።

«አሰላሙ አለይኩም ሐጂ። አላወቁኝም መሰለኝ። ሱሀይር ነኝ፣ የጎረቤትዎ የአብዱልሰላም ልጅ።»

«ወአለይኩም ሰላም! አንቺ ነሽ እንዴ? አባትሽ ደህና ነው? ትምህርቱስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው። እኔም ጨርሼ አስተማሪ ሆኛለሁ፤ መናገርና መንቀሳቀስ የማይችሉ ልጆችን ነው የማስተምረው። የእትዬ ካሚላን ማረፍ የሰማሁት ዘግይቼ ነው፤ አላህ ይዘንላቸው። ሉብናስ እንዴት ናት?»

የሐጂ ፊት ጠቆረ። ሉብና አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት አንድ ልጃቸው ናት። ከተወለደች ጀምሮ እጅና እግሯ አይታዘዙላትም፤ ከአፏም ቃል ወጥቶ አያውቅም። እያጎረሰችና እያጠበች ያሳደገቻት እናቷ ካሚላ ከሞተች ገና አራት ወሯ ነው።

«ሉብናማ ምግብ እምቢ ብላለች» አሉ ሐጂ። «ይኸው አሥራ ሁለት ቀኗ፤ ትንሽ ወተት ብቻ በስንት መከራ ነው የምትወስደው። ሐኪሙም ምንም አላገኘባትም። እኔ ሱቅ ነኝ፣ ቤት ውስጥ የሚይዛት ሰው የለም። ከነገ ወዲያ ስልጤ፣ ገጠር እህቴ ዘንድ ልልካት ነው። ሾፌሩንም የምጠብቀው ለዚሁ ነው።»

«እሷስ ምን አለች?»

«ማን?»

«ሉብና።»

ሐጂ ልጅቱ የምትቀልድ መስሏቸው ቅር አላቸው። «ልጄ፣ እሷ ምን ልትል ትችላለች? እንደ ሕፃን እኮ ናት። አዲስ አበባ ሆነች ገጠር ሆነች የት እንዳለች አታውቀውም።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ሐጂ፣ አለማወቋን በምን አወቁ?»

«ተናግራ አታውቅማ!»

«የሚያናግራት ሰውስ አግኝታ ታውቃለች? መናገር ያቃታት ምላሷ ነው። ጆሮዋ ደህና ነው፤ ሐሳቧም ደህና ሊሆን ይችላል። እኔ ጋ የሚማር አንድ ልጅ ስድስት ዓመት ሙሉ የማይሰማ የማይለማ ሲባል ኖሮ፣ ዛሬ ሥዕል እያሳዩት በዓይኑ ይመልሳል፤ እህቱንም በሳቅ ይገድላታል። ዛሬ ከአሱር ሶላት በኋላ ልምጣና ልጠይቃት። ካልሆነ ምን ይጎዳዎታል?»

ሐጂ ልቡ ለተሰበረ አባት ተስፋ ማየት ራሱ ሸክም እንደሆነ ሊነግሯት ፈለጉ። ግን ሰው አክባሪ ናቸውና እምቢ ማለት ከበዳቸው። «ነይ እስቲ» ብለዋት፣ ሾፌሩ ሲደርስ ከሱ ጋር ስለ ሐሙስ ጉዞ ተነጋገሩ።

እዚህ ላይ የሐጂን ቤት አንድ ልማድ ማወቅ ያስፈልጋል። መርካቶ ውስጥ ሁለት ሰዎች ያንሾካሾኩትን ነገር ሦስተኛው ሰው ከሁለቱ ቀድሞ ያወራዋል። ስለዚህ ሐጂና ወንድማቸው ሐምዱ ሰው እንዲሰማው የማይፈልጉት ጉዳይ ሲኖራቸው፣ የማንን ጭነት ማን ሊገዛው እንደሆነ፣ የማን ልጅ ለማን እንደምትታጭ፣ ሄደው የሉብና አልጋ ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። «ሉብና ፊት የተወራ አይወጣም» ይላሉ። በዚህም ይመኩ ነበር።

ሱሀይር በሰዓቷ መጣች። የያዘችው አንድ የብስኩት ካርቶን ብቻ ነው፤ ላዩ ላይ ከአሮጌ ካላንደርና ጋዜጣ የተቆረጡ ሥዕሎች ተለጥፈውበታል፤ ምግብ፣ ውሃ፣ አልጋ፣ ልብስ፣ እናት፣ አባት፣ መኪና፣ የሚያለቅስ ፊት። ሐጂ አይተው ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም።

ሱሀይር አልጋው አጠገብ ተንበርክካ ከሐጂ ጋር ሳይሆን ከሉብና ጋር መነጋገር ጀመረች። «ሉብና፣ አዎ ለማለት ወደ ላይ እይ። አይደለም ለማለት ዓይንሽን ጨፍኚ። ገባሽ?»

የሉብና ዓይኖች ወደ ላይ ወጡ።

«በአጋጣሚ ነው» አሉ ሐጂ። ሱሀይር አራት አምስት ጥያቄ ጠየቀች፤ ልጅቱ ሁሉንም መለሰች። ሐጂ ግን ነጋዴ ናቸው። «ምናልባት ሳታውቂው ጠቅሰሻት ይሆናል። እኔ ራሴ ሳላሸት አልገዛም።»

«እውነትዎን ነው፤ እንዲያውም እንደዚያ ነው መደረግ ያለበት። እኔ ልውጣ። እኔ የማላውቀውን ነገር ይጠይቋት» ብላ ወጥታ በሩን ዘጋችው።

ሐጂ ከልጃቸው ጋር ብቻቸውን ቀሩ። ከሷ ጋር ማውራት አሳፈራቸው። «ስሚኝ ልጄ... አያትሽ፣ የእኔ እናት፣ ስሟ መርየም ነበር?» ጨፈነች። «ሀፍሷ?» ጨፈነች። «ፈሪዳ?» ዓይኖቿ ወደ ላይ ወጡ። እናታቸው ፈሪዳ ይባሉ ነበር፤ ሱሀይርም ይህን ልታውቅ አትችልም። ሐጂ ካርቶኑን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«የማትበዪው አሞሽ ነው?» ጨፈነች። ጣታቸውን በሥዕሎቹ ላይ እየመሩ ሄዱ። የሚያለቅሰው ፊት ላይ ሲደርሱ ወደ ላይ አየች። የእናትየዋ ሥዕል ላይ ሲደርሱም እንዲሁ። ከዚያ ጣታቸው መኪናው ላይ አረፈ፤ ዓይኖቿ ወደ ላይ ወጥተው እዚያው ቀሩ፣ እንባዋም በጆሮ ግንዷ በኩል ትራሱ ላይ ወረደ። የተሳሳቱ መስሏቸው ከመጨረሻው ጀምረው ደገሙት። አሁንም መኪናው።

ስለ መኪናው የነገራት ሰው የለም። እሳቸውና ሐምዱ በአይሱዙ ገጠር ሊልኳት የተማከሩት ግን እዚሁ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነው። ከተማከሩ ዛሬ አሥራ ሁለት ቀናቸው።

 ያን ዕለት ሐጂ የተናገሩት ሌላም ነገር ነበር። «አላህ እናቷን ሲወስድ አብሮ ቢወስዳት ለሷም እረፍት ነበር» ብለው ነበር፤ በገዛ አፋቸው። ወደ ፊቷ ጎንበስ ብለው ጠየቋት። «ያንንም ሰማሽው?»

ወደ ላይ አየች።

ሱሀይር ስትገባ ሐጂን መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት» አሉ። «ልጄ፣ ሰው ከነሕይወቱ ቀብረን ላዩ ላይ ተቀምጠን ስናወራ ኖርን።»

«እርስዎ ብቻ አይደሉም ሐጂ፤ ያላወቀ ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው። አሁን ስላለፈው ሳይሆን ስለ ሐሙስ ይጠይቋት።»

ሐጂ ወደ አልጋው ዞሩ። «ገጠር መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ሉብና ዓይኗን ጥብቅ አድርጋ ጨፈነች። «እንግዲያው አትሄጂም» አሉ፤ ሾፌሩንም ያኔውኑ ደውለው አስቀሩት። ያን ቀን ማታ ሉብና ካርቶኑ ላይ ምግቡን መረጠች፤ ሐጂም በእጃቸው ሰባት ማንኪያ ገንፎ አበሏት።

የአንድ ካርቶን ጥቅም በዚህ አላበቃም። ሉብና ጥርሷን ሲያማት ሐኪሙ የቱን እንደሆነ ከራሷ አወቀ። የትኛውን ቀሚስ እንደምትለብስ፣ ማን እንዲያጥባት እንደምትፈልግ ራሷ ትመርጣለች፤ የምትረዳት ሴት ስትቀጠርም ከሦስቱ አንዷን የመረጠችው እሷ ናት። በረንዳው ውስጥ ወሬው ሲዳረስ፣ አባቱ ታሞ አንደበቱ የተዘጋበት አንድ ቅመም ሻጭ መጥቶ ለአባቱም ካርቶን በሱሀይር አሠራ። ሐጂም አላፊ አግዳሚውን «ቤትህ የማይናገር ሰው አለህ? ጠይቀኸው ታውቃለህ?» እያሉ ያስቸግሩ ጀመር።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ሐጂ በየጁምዓው ከሶላት መልስ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው «አውፍ ትይኛለሽ፣ ይቅር ትይኛለሽ?» ይሏታል። እሷም ትጨፍናለች። ሐምዱ ይህን አይቶ ተናደደ። «ወንድሜ፣ ምን አስለመነህ? ተወው እንግዲህ» አላቸው።

«አልተወውም» አሉት ሐጂ። «እምቢ የማለት መብት አላት። እስክትፈቅድ ድረስ እጠይቃታለሁ፤ ባትፈቅድም እጠይቃታለሁ።»

ከዚያ ቀስ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉና፣ ጨፍና የነበረችውን ልጃቸውን በሚቀጥለው ጁምዓም መጥተው ይጠይቋት እንደሆነ ጠየቋት። ሉብናም ዓይኗን ገልጣ ወደ ላይ አየች።