ሠልጥነው የመጡት ኃላፊያችን

አለቃን ማማት ነውር መሆኑን እያወቅሁ ይህን ስለምናገር፣ አስቀድሜ ዝቅ ብዬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የደባርቁ ኃላፊያችን «መሪ የሠራተኛውን ስሜት እንዴት ይረዳል» የሚል ሥልጠና ጎንደር ወስደው በተመለሱ ማግስት፣ የባልደረባችን የትርንጎ እናት ዳባት ላይ ማረፋቸውን ሰማን። እሷ አልሰማችም። እንደ ወጉ «እናትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ ሄደን እንያቸው» አልናትና ሚኒባስ በር ላይ አቆምን፤ መርዶውን የሚነግሯት ሽማግሌዎችና የንስሐ አባቷ እዚያው ዳባት እየጠበቁ ነበር። ይህንንም ለኃላፊያችን በጆሯቸው ነግረናቸዋል።

ትርንጎ ልትሳፈር ስትል ኃላፊያችን ደርሰው እጇን ያዙ። ድምፃቸውን አለዝበው፣ «ትርንጎ፣ ስሜትሽን እረዳለሁ። የእናትሽ ሞት ምን ስሜት ፈጠረብሽ?» አሏት።

«የማን ሞት?»

ከዚያ በኋላ ጩኸቷን ደባርቅ ሁሉ ሰማው። መሬት ላይ ስትወድቅ ሴቶቹ ተሯሩጠው ያዟት። ኃላፊያችን ግን ወደ እኛ ዞረው፣ «አያችሁ? አፍና ብትይዘው ይጎዳት ነበር» አሉ።

እኔ ሥልጠናውን ስላልወሰድሁ ደሜ ፈላ። ፊቴን አይተው መሰለኝ፣ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው፣ «አንተስ አሁን ምን ተሰማህ?» አሉኝ።

«ንዴት!» አልኩ ጥርሴን ነክሼ።

«ጎበዝ! ስሜትን በስሙ መጥራት የመጀመሪያው እርምጃ ነው።»

አደራችሁን፣ ይህን ለማንም እንዳትደግሙት። ከእሳቸው ጆሮ ከደረሰ፣ ቢሮ ጠርተው ስሜቴን ሊረዱልኝ ነው።